በጁባ ከተማ በመኖሪያ ቤት ላይ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ስለ ማስገባት

ጁባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አምስት ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ስፍራ፥ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ዓመቱን በሙሉ ፀሐይ አትለያትም። በዚያ አገር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በየቀኑ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሀብት ከላይ እየወረደ ግን በደቡብ ሱዳን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኘው ሕዝብ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም።

ነገሩ የቆየ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ መንግሥት በሆነች ጊዜ የዋና ከተማዋ መብራት በናፍጣ ሞተር ላይ የቆመ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ደቡብ ሱዳንና ስለ ጎረቤቶቿ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኋላም ጦርነት መጣ፥ ናፍጣው አጠረ፥ የመንግሥቱ ጣቢያ ለዓመታት ዝም አለ፤ ሆቴሉም ሱቁም ሐኪም ቤቱም የየራሱን ጄኔሬተር እያስነሣ ኖረ። በ2019 መጨረሻ ዕዝራ የተባለው የግል ኩባንያ 33 ሜጋዋት እንዲሰጥ ያሰበው የነዳጅ ጣቢያ የመጀመሪያ ክፍሉ ሥራ ጀመረ። የአፍሪካ ልማት ባንክ በሰጠው ገንዘብ ምሰሶ ተተከለ፥ ሽቦም ተዘረጋ፤ ኃይሉንም ለደንበኞች የሚያከፋፍለው ጄድኮ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የጁባ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ኩባንያ ሆነ። ይኸውም የዕዝራና የደቡብ ሱዳን ኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽን የጋራ ድርጅት ነው። ደንበኛው አስቀድሞ ይከፍላል፥ ቁጥር ይቀበላል፥ ቁጥሩንም በቆጣሪው ላይ ይመታል፤ የከፈለበት ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል።

ሽቦው ያልደረሰለት ሰፈር አሁንም ብዙ ነው፤ ሽቦው የደረሰለትም ቢሆን ዋጋው የሚከብደው አለ። በዚህ ምክንያት ሶላር የሚባለው የፀሐይ ሰሌዳ በጁባ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ እየበዛ ሄዷል። ሰሌዳውን የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም ፈቃዱን ከማን እንደሚያገኝ ይጠይቃል። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ አንድ መስኮት፥ አንድ ቅጽና አንድ ማኅተም ያለው መልስ የለም። የሚጠየቀው ነገር በመሬቱ፥ በቤቱ ባለቤትና በቆጣሪው ዘንድ ተበትኖ ይገኛል። ከነዚህም አንዱን የዘለለ ሰው ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል፤ የመጨረሻውን የዘለለ ግን የሌላውን ሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በጁባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የመሬት ነገር ነው። በ2009 የወጣው የደቡብ ሱዳን የመሬት ሕግ መሬትን የሕዝብ፥ የማኅበረሰብና የግል ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። በከተማው ውስጥ ያለው ቦታ ከሱዳን አስተዳደር ዘመን በወረደው ልማድ ተሸንሽኖ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ ደረጃ እየተባለ የሚሰጥ ሲሆን፥ በዙሪያው ያለው ብዙው መሬት የባሪ ሕዝብ ርስት ነው። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ከስደት የተመለሰው ሕዝብ ከተማይቱን ሲሞላት በአንድ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ሰው የየራሱን ወረቀት ይዞ መቆም የተለመደ ሆነ። በ2009 ደግሞ ያለ ወረቀት ወይም ለመንገድ በተከለለ ስፍራ ላይ ተሠርተዋል የተባሉ ብዙ ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ ፈርሰዋል። ስለዚህ ሰሌዳ ሊያስጭን የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ጣሪያው የቆመበት መሬት በማን ስም እንደ ተመዘገበ፥ መንገድ የሚያልፍበት ክልል ውስጥም እንደ ሆነና እንዳልሆነ መመርመር ይገባዋል። ይህን የሚያውቀው የመካከለኛው ኢኳቶሪያ ክፍለ ሀገር የመሬትና የቤቶች መሥሪያ ቤት ነው።

ወረቀቱ ገና ያልጠራለት ሰው ግን በጨለማ ይኑር ማለት አይደለም። ሰሌዳ ይፈታል፤ ግንብ አይፈታም። እንዲህ ያለው ሰው ሰሌዳዎቹን በብሎን በሚያዝ የብረት ፍሬም ላይ ያሳርፍ፥ ባትሪውን በግንብ ክፍል ውስጥ ሳይሆን አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ፥ ሽቦውንም ከግድግዳ ውስጥ ሳይቀብር በቧንቧ አድርጎ በላይ ይሳብ። ቦታውን ልቀቅ ቢባል በግማሽ ቀን ነቅሎ ይሄዳል። ስለ ባትሪው ክፍል የግንብ ዋጋ የከፈለ ሰው ግን ያን ገንዘብ አፈር ውስጥ ጥሎ ይሄዳል።

በነበረ ጣሪያ ላይ የሚያርፍ ሰሌዳ የቤቱን ፕላን አይለውጠውም። በግቢው መሬት ላይ ከፍ ያለ የብረት ማማ አቁሞ ሰሌዳዎቹን ከላዩ ማድረግ፥ ወይም ለባትሪው አዲስ ክፍል መገንባት ግን ግንባታ ነውና የግንባታን ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ይመለከታል። የጁባ ከተማ ምክር ቤት ጁባ፥ ካቶርና ሙኑኪ በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ተከፍሎ ይሠራል፤ ከእነርሱም በታች የየሰፈሩ ሹም አለ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለሰፈሩ ሹም መንገር ዋጋው የአንድ ጥዋት ጊዜ ብቻ ነው። የማይታወቁ ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው ሽቦ ሲጎትቱ ያየ ጎረቤት ወይም ዘበኛ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ከዚህም በቀር በደቡብ ሱዳን በአደባባይ ፎቶግራፍ ማንሣት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ፥ ሠራተኛው የጣሪያውን መልክ ለአሠሪው ለማሳየት በስልኩ ሥዕል ሲያነሣ ከበስተ ኋላው የመንግሥት ሕንፃ ወይም የጦር ሠፈር እንዳይገባበት መጠንቀቅ አለበት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስልኩንም ሰውየውንም ሊያሲዝ ይችላል።

ቤቱ የኪራይ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በጁባ ሆቴልና ምግብ ቤት፥ ሱቅና ጋራዥ ከፍተው የሚኖሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም፤ ሕጉም የውጭ አገር ሰው መሬት በኪራይ እንዲይዝ እንጂ በባለቤትነት እንዲይዝ አይፈቅድለትም። እነዚህ ሁሉ ሰሌዳቸውን የሚያቆሙት በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነው። በጣሪያ ላይ የተቸነከረ ዕቃ የቤቱ አካል ነው ወይስ የተከራዩ ንብረት? ውሉ ዝም ካለ ክርክሩ የሚነሣው ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ሊወጣ በተዘጋጀበት ቀን ነው፤ በዚያን ቀን ደግሞ የቤቱ ባለቤት በሩን ይዞ የሚከራከር ስለሆነ ተከራዩ ደካማው ወገን ነው።

መድኃኒቱ ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው። አንቀጹ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ቁጥራቸው ከዚህ በታች የተጻፈው የፀሐይ ሰሌዳዎች፥ ባትሪዎች፥ ኢንቨርተርና ሽቦዎች የተከራዩ ንብረት ናቸው፤ ባለቤቱ በጣሪያው ላይ እንዲተከሉ ፈቅዷል፤ ተከራዩ ቤቱን ሲለቅ ነቅሎ ይወስዳቸዋል፥ የቀዳዳውንም ስፍራ ውሃ እንዳያስገባ ደፍኖ ያስረክባል።» በእያንዳንዱ ሰሌዳ ጀርባ ላይ የታተመውን ተከታታይ ቁጥር መጻፍ ለከንቱ አይምሰል፤ ሰሌዳው ቢሰረቅ ወይም ባለቤቱ ቢክድ የሚመሰክረው እርሱ ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ የሚጻፍ በመሆኑ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት በታመነ ሰው ያስነብበው። በአዲስ አበባ ለሚኖረው አንባቢም ተመሳሳይ ነገር አለበት፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በሚገዛው ሕንፃ ላይ ጣሪያው የሁሉም የጋራ ንብረት ስለሆነ፥ በላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ጣሪያው ከራሱ በላይ ስለሆነ ብቻ የእኔ ነው ሊል አይችልም፤ የማኅበሩን ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንመለስ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ያለው እዚያ ነው። ሽቦ ባልደረሰበት ሰፈር የሚኖር ሰው በዚህ በኩል ነጻ ነው፤ ሰሌዳው ከባትሪው፥ ባትሪው ከቤቱ ጋር ይገናኛል እንጂ ከማንም መስመር ጋር አይነካካም። የማከፋፈያው ኩባንያ ደንበኛ የሆነ ሰው ግን ሁለት ምንጭ አለው፤ ጄኔሬተር ካለውም ሦስት። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የኩባንያው ነው፤ ቆጣሪውም የኩባንያው ነው፤ ማኅተሙን መንካት አይገባም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የቤቱ ባለቤት ነው፤ አደጋውም ኃላፊነቱም የእርሱ ነው።

አንዳንድ ሠራተኛ ሥራው እንዲቀልለት የኢንቨርተሩን ሽቦ በቀጥታ ከቤቱ ሶኬት ጋር ያገናኘዋል። ከተማው መብራት ሲጠፋ ቤቱ ይበራል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ነገር ግን ከኢንቨርተሩ የወጣው 230 ቮልት ወደ አምፖሎቹ ብቻ አይሄድም፤ የቆጣሪውን መንገድ አልፎ ወደ ምሰሶው ይወጣል፥ ከዚያም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጋ ይደርሳል። ትራንስፎርመር ከላይ የመጣውን ብዙ ሺህ ቮልት ወደ ቤት መብራት ልክ የሚያወርድ መሣሪያ ነው። በተገላቢጦሽ ሲመጣበት ደግሞ ከታች የመጣውን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያወጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤቶቹ ሁሉ ጭነት ስለሚከብደው ኢንቨርተሩ ወዲያው ይጠፋል ወይም ይቃጠላል። ነገር ግን መስመሩ አጠገብ ላይ ተበጥሶ፥ ወይም የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ ቆጣሪያቸው አልቆ ጭነቱ የቀለለ ከሆነ የሚጠፋ ነገር የለም። በዚያን ጊዜ ጠጋኙ ሠራተኛ በጣቢያው በኩል ኃይሉ እንደ ተዘጋ ተነግሮት፥ መሰላሉን አስደግፎ፥ ሞቷል ብሎ ያመነውን ሽቦ ይይዛል። በጣቢያው ያለው ሰው ዘግቷል፤ ሐሰት አልነገረውም። የገደለው ኃይል የመጣው ከአንድ ሰው ሳሎን ነው።

ይህን የሚከለክለው መሣሪያ ውድ አይደለም። ቼንጅ ኦቨር የሚባለው መቀያየሪያ ማብሪያ ሦስት ማረፊያ አለው፤ ወደ አንዱ ወገን ሲዞር ቤቱ ከከተማው መስመር ጋር፥ ወደ ሌላው ሲዞር ከኢንቨርተሩ ጋር ይገናኛል፥ በመካከሉ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ባዶ ስፍራ አለ። ሁለቱን በአንድነት ማገናኘት በአካሉ አሠራር የማይቻል ስለሆነ የሰው መርሳት አያሳስተውም። በእጅ የሚዞርም ራሱ የሚዞርም አለ፤ የእጁ ርካሽና የማያስቸግር ነው። ሰሌዳ ከማስጫኑ በፊት ሠራተኛውን «መቀያየሪያው የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፥ መልሱ «አያስፈልግም» ከሆነ ሌላ ሠራተኛ ይፈልግ።

ከከተማው መስመር ጋር አብረው እንዲሠሩ ተብለው የተሠሩ ኢንቨርተሮችም አሉ። እነዚህ የከተማው ኃይል ሲቋረጥ ራሳቸውን ወዲያው ከመስመሩ እንዲለዩ ታስቦ ተሠርተዋል፤ የዚህም ፈተና አይ.ኢ.ሲ. 62116 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ በሣጥኑ ላይ ወይም በመመሪያው ውስጥ የሌለበትን ዕቃ ከመስመር ጋር ማገናኘት አይገባም። ዕቃው ደግ ቢሆን እንኳ የኩባንያውን የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኙ ትርፉን ኃይል ወደ ምሰሶው መልቀቅ ለባለቤቱ ጥቅም የለውም። ብዙዎቹ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች ኃይሉ ወዴት እንደሚሄድ ሳይለዩ ያለፈውን ሁሉ ይቈጥራሉና፥ ሰውየው ለኩባንያው ኃይል እየሰጠ በላዩ ላይ ዋጋ ይከፍላል፤ ወይም ቆጣሪው ተነካክቷል ብሎ ራሱን ይዘጋል። በአንዳንድ አገር ግን ትርፉን ኃይል ለኩባንያው ሰጥቶ ከሒሳብ ላይ እንዲታሰብ ማድረግ በሕግ ተፈቅዷል፤ ጎረቤቷ ኬንያ ለዚህ በ2024 ደንብ አውጥታለች። በጁባ ሻጩ «ለመንግሥት ትሸጠዋለህ» ብሎ ትልቅ ዕቃ እንዲገዛ ሲያባብለው ሰውየው አስቀድሞ ከኩባንያው ጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

ለጎረቤት ሽቦ መሳብም የራሱ ነገር አለው። ለአንድ ሌሊት ለሐዘን ቤት ወይም ለሠርግ መብራት ማዋስ የጉርብትና ወግ ነው፤ በየወሩ ገንዘብ እየተቀበሉ ማብራት ግን የኤሌክትሪክ ንግድ ነው። የኢትዮጵያ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤሌክትሪክ የሚሸጥ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሽቦው መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ ደግሞ የውሃ ቦቴ መኪና በሚመላለስበት በጁባ መንገድ ላይ ቁመቱ ያነሰ ሽቦ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ሰሌዳ የሚሰቅለውን ሠራተኛ በሚመለከት ባለቤቱ ራሱ መርማሪ መሆን አለበት። ኬንያ በ2012 ባወጣችው ደንብ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሠራተኞችን እንደ ሥራው ትልቅነት በሦስት ደረጃ ከፍላ የምስክር ወረቀት ትሰጣለች፤ በኢትዮጵያም የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ሕግ ያዝዛል። በጁባ ከሚሠሩት ባለሙያዎች ውስጥ ከጎረቤት አገሮች የመጡ ስላሉ፥ በአገራቸው የተሰጣቸውን ወረቀት አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። የከተማው ምክር ቤትና የማከፋፈያው ኩባንያ በአንድ ወረቀት ላይ፥ ሰሌዳ የሚያስገባ ደንበኛ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት በእንግሊዝኛና በዓረብኛ አሳትመው በቆጣሪ መክፈያው መስኮት ላይ ቢለጥፉት ብዙ ጥፋት በቀረ ነበር። እንዲህ ላለው ወረቀት አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዕቃው ወደ ጁባ የሚገባው በአብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በኡጋንዳ በኩል፥ በኒሙሌ ኬላ አልፎ ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ዕቃ መምጣቱ ቀሏል፤ አስመስሎ የተሠራውም ዕቃ በዚያው መንገድ ይመጣል። ደገኛ ሰሌዳ አይ.ኢ.ሲ. 61215 እና 61730 የሚሉ ቁጥሮች በጀርባው ይገኙበታል። ቁጥር ማተም ለአስመሳዩም ስለማይከብድ ክብደቱንም መመዘን ይገባል፤ 450 ዋት የሚባል ሰሌዳ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፥ ስፋቱም ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንድ እጅ ብብት ሥር ተሸክመውት የሚሄዱት «450 ዋት» ሐሰት ነው። ገዢው የቀረጡን ደረሰኝ ቅጂ ከነጋዴው ይቀበል።

ስንት ሰሌዳ ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ግምት ሳይሆን ሒሳብ ነው መልሱ። አራት አምፖል እያንዳንዱ 8 ዋት ሆኖ አምስት ሰዓት ቢበራ 160 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 60 ዋት ቴሌቪዥን አራት ሰዓት 240፤ 50 ዋት የነፋስ ማራገቢያ ስምንት ሰዓት 400፤ አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ በቀን 700 ያህል፤ ስልኮች 30። ድምሩ 1,530 ዋት ሰዓት ነው። በሽቦ፥ በባትሪና በሙቀት ከአራት አንዱ እጅ እንደሚባክን ቢታሰብ ሰሌዳው 2,040 ማምጣት አለበት። በክረምት ደመና ወራት ሙሉ ፀሐይ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ቢቈጠር 453 ዋት ይወጣል፤ ጥቂት ተጨምሮበት 550 ዋት መግዛት ይበቃል። ባትሪው በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ከያዘው ከግማሽ በላይ ባይወሰድበት ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ 3,060 ዋት ሰዓት የሚይዝ፥ ማለት ባለ 12 ቮልት 150 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ ያሻል። ሊቲየም የሚባለው ከያዘው እስከ ሰማንያ በመቶ ስለሚሰጥ 24 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ይበቃዋል። የእርሳሱ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በየካቲትና በመጋቢት የጁባ ጥላ 37 ዲግሪ በሚደርስበት አገር ባትሪን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ገንዘብን እንደ ማቃጠል ነው።

ስለ ሰሌዳው አቀማመጥ ከአዲስ አበባ ወይም ከካርቱም የመጣ ሠራተኛ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጁባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን በቀትር ጊዜ ከሰሜን ወገን፥ በቀረው ጊዜ ከደቡብ ወገን ትቆማለች። በደቡብ በኩል ያለውን ዛፍ ብቻ ተመልክቶ ሰሌዳውን የሰቀለ ሰው በክረምት ወራት የሰሜኑ ማንጎ ዛፍ ጥላ ይጥልበታል። ሰሌዳው ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ይበቃል፤ ይህም የበለጠ ፀሐይ ለመያዝ ሳይሆን ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ነው። በቆርቆሮውና በሰሌዳው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። የጋለ ሰሌዳ በየዲግሪው ኃይሉ በመቶ 0.4 ያህል ስለሚቀንስ፥ ከ25 ዲግሪ ወደ 60 የወጣ ሰሌዳ 14 በመቶ ያህል ያጣል፤ በሥሩ የሚያልፍ ነፋስ ያን ይቀንስለታል። የሰሌዳው ፍሬም በመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር ይታሰር፤ የጁባ ክረምት ነጎድጓዳም ነው።

ከከተማው ቤት ይልቅ የፀሐይ ሰሌዳ ቶሎ ዋጋውን የሚመልሰው በወንዙ ዳር ነው። በጎንዶኮሮ ደሴትና በወንዙ ዳርቻ ኩድራ፥ ባሚያና ርጅላ የሚያመርቱ ገበሬዎች ውሃ የሚስቡት በቤንዚን ሞተር ነው። ለሞተሩ ቤንዚን በየቀኑ ይገዛል፤ ፀሐይ ግን አትገዛም። የውሃ መሳቢያ ደግሞ ባትሪ አይፈልግም፤ ቀን የተሳበው ውሃ በበርሜልና በገንዳ ሲጠራቀም እርሱ ራሱ ባትሪ ነው። 20 ሺህ ሊትር ውሃ አሥር ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 545 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃል፤ ፓምፑ ከተሰጠው ኃይል ሲሶውን ብቻ በሥራ ላይ ያውላል ቢባል እንኳ 350 ወይም 400 ዋት ሰሌዳ ሥራውን በአንድ ቀን ይፈጽመዋል።

እዚያ የቆጣሪ ነገር የለም፤ የጣሪያም ባለቤት የለም። የሚጠየቀው የመሬቱ ነገር ብቻ ነው፤ የደሴቲቱና የዳርቻው መሬት የማኅበረሰብ መሬት በሆነበት ስፍራ ሰሌዳ ሊተክል የሚያስብ ሰው የመንደሩን አለቃና ሽማግሌዎችን አስቀድሞ ያነጋግራል፤ ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ቦታ ከብት የሚጠጣበትና ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት እንዳይሆን ስፍራው በአንድነት ይመረጣል። ወንዙ በክረምት ስለሚሞላ ሰሌዳዎቹን በሲሚንቶ ከመትከል ሁለት ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ጥዋት ወደ ማሳው ይጎተታል፥ ማታ ወደ ግቢ ይመለሳል፥ ውሃው በተነሣ ቀንም ወደ ከፍታው ይሳባል።